ላዩ ለማርኬቲንግ፣ ታቹ ለምህንድስና? ግልጽ ደብዳቤ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች

የተከበራችሁ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዲንና የአካዳሚክ ጉዳዮች ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የትራንስፖርትና ቢዝነስ ጂኦግራፊ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ነን። በመጀመሪያ የጠየቅናችሁ በማመልከቻ ነበር። ማመልከቻው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ከረመ። በመጨረሻ የደረሰን መልስ «ጉዳዩ አልቋል» የሚል ነው፤ ያውም በቃል። ስለዚህ አሁን በአደባባይ እንጽፋለን።

ውሳኔያችሁን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንንገረው። የትራንስፖርት ኮርሶቻችን ወደ ሲቪል ምህንድስና ተዛወሩ። የገበያ ክልል፣ የቦታ መረጣና የችርቻሮ ንግድ ኮርሶቻችን ወደ ማርኬቲንግ ሄዱ። የካርታና የቦታ ትንተና ቤተ ሙከራችን (ላባችን) «የጋራ መገልገያ» ተባለ። የመስክ ሥራ ከመርሐ ግብሩ ወጣ። እኛም ከሁለቱ ትምህርት ክፍሎች አንዱን መርጠን እንድንመዘገብ ተነገረን። የተሰጠው ምክንያት የኮርስ ድግግሞሽን ማስቀረትና ወጪ መቆጠብ ነው።

ድግግሞሽ የለም አንልም። የጉዞ ፍላጎት ትንበያ ምህንድስናም ጋ ይሰጣል። ስለ ሱቅ ቦታ ማርኬቲንግም ጋ ይወራል። የኮርስ ርዕሶችን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ ላየ ሰው መክፈሉ ቀላል ይመስላል። ርዕሶቹ ሥር ያለው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ሰውና ዕቃ ከየት ተነስቶ ወዴት ይሄዳል? ለመድረስ ምን ያህል ይለፋል? በዚህ የተነሳስ ንግዱ የት ይተከላል? ሦስቱን አንድ ላይ የሚጠይቅ ትምህርት ክፍል ነበረን። አሁን የለንም።

ነገሩን በአንድ ቀመር እናሳያችሁ። ዴቪድ ሃፍ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ነው። (በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ሰፈር የሚኖር ሰው፣ ካሉት መገበያያዎች መካከል አንዱን የመምረጥ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ሃፍ ይህን በክፍልፋይ መለሰው። ከመስመሩ በላይ የመገበያያው ስፋት ተቀምጧል። ከመስመሩ በታች እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ አለ፤ በአንድ አርቢ ከፍ ተደርጎ። ከዚያ ይህ ቁጥር ለሁሉም ተፎካካሪዎች ይሰላና የእያንዳንዱ ድርሻ ይወጣል። ነጋዴዎች ቅርንጫፍ የሚከፍቱበትን ቦታ ለመምረጥ ዛሬም የሚጠቀሙባቸው ብዙ ሞዴሎች የዚሁ ቀመር ዝርያዎች ናቸው።

እንግዲህ ውሳኔያችሁ የቆረጠው ልክ በክፍልፋዩ መስመር ላይ ነው። ላዩ ለማርኬቲንግ ደረሰ። ታቹ ለምህንድስና ደረሰ። አርቢውስ? አርቢው የሚነግረን ሰው ርቀትን ምን ያህል እንደሚጠላ ነው። ለዕለት ፍጆታ ዕቃ ማንም ሩቅ መሄድ አይፈልግም፤ አርቢው ከፍ ይላል። ሶፋ ለመግዛት ግን ሰው ከተማ አቋርጦ ይሄዳል፤ አርቢው ይወርዳል። ይህን ቁጥር ዝም ብሎ ከሌላ ጥናት ቀድቶ ማስገባት አያዋጣም። ሸማቾችን ጠይቆ፣ የመጡበትን ሰፈር መዝግቦ፣ መንገዱ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ነው የሚገኘው። ምህንድስና ሸማቹን አይጠይቅም። ማርኬቲንግ መንገዱን አይለካም። ያ ሥራ የኛ ነበር።

የሃፍ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቱነን በ1826 በከተማ ዙሪያ የእርሻ ዓይነቶች ለምን ቀለበት ሠርተው እንደሚቀመጡ አስረድቷል። የማብራሪያው ቁልፍ ምርቱን ገበያ የማድረሻ ወጪ ነው። ቶሎ የሚበላሸውና ለማጓጓዝ የሚከብደው ወደ ከተማው ይጠጋል። አልፍሬድ ቬበር በ1909 ፋብሪካ የት ይተከል ብሎ ሲጠይቅም መነሻው ያው የማጓጓዣ ወጪ ነው። ሲመረት ክብደቱ የሚቀንስ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካውን ወደ ራሱ ይስባል አለ። ቫልተር ክሪስታለር ደግሞ በ1933 የደቡብ ጀርመንን ከተሞች አጥንቶ ሦስት የአደረጃጀት መርሆች አቀረበ። አንዱ የገበያ፣ አንዱ የትራንስፖርት፣ አንዱ የአስተዳደር ነው። አንድ ተማሪ ክሪስታለርን ለመማር የትኛው ሕንፃ ይግባ? ይህን በማመልከቻችን ላይ ጠይቀን ነበር። ቀልድ መስሏችሁ ከሆነ ቀልድ አልነበረም።

ወደዚህ ዘመን ቀረብ ብትሉም ያው ነው። በኤፕሪል 1956 አይዲያል ኤክስ የተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ጭና ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ተጓዘች። ሲታይ የብረት ሳጥን ጉዳይ ነው። ውጤቱ ግን ወደቦችን ከቦታቸው ነቀለ። ኮንቴይነር ሰፊ መሬትና ጥልቅ ውኃ ይፈልጋል። የቆዩት የከተማ መሀል ወደቦች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም። የለንደን መሀል ወደቦች ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1981 ተራ በተራ ተዘጉ፤ ሥራው ወደ ቲልበሪና ወደ ፊሊክስቶ ሄደ። ሳን ፍራንሲስኮም ጭነቷን ለጎረቤቷ ለኦክላንድ አስረከበች። ወደቡ ሲሄድ መጋዘኑ፣ ፋብሪካው፣ የጫኝና አውራጁ ሰፈር አብሮ ተናጋ። ይህን ላጥና ብላ የምትመጣ ተማሪ በናንተ ቅጽ ላይ የቱ ሳጥን ውስጥ ምልክት ታድርግ?

አሁን ወደ ደረሰብን ነገር እንግባ።

አንደኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ከሁሉም የከበደን እሱ ስለሆነ ትንሽ እናቆያችኋለን።

አንዲት የማስተርስ ባልደረባችን አለች። የምታጠናው አዳዲስ ፋርማሲዎች የት ቢከፈቱ ብዙ ሰው እንደሚደርስባቸው ነው። ፕሮፖዛሏ ጸድቆ ነበር። ዘዴዋም የታወቀ ነው፤ ሪቻርድ ቸርችና ቻርልስ ሬቬል በ1974 ያቀረቡት ሽፋንን ከፍ የሚያደርግ ሞዴል። መክፈት የሚቻለው የተወሰነ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ በተወሰነ ርቀት ውስጥ በተቻለ መጠን ብዙ ሰው እንዲሸፈን የት የት እናስቀምጣቸው ይላል። ከክፍፍሉ በኋላ እሷ ማርኬቲንግ ደረሳት። አዲሱ አማካሪዋ የመንገድ መረብ ምዕራፉን «ከዘርፉ ውጭ ነው» ብለው አስወጧት። በምትኩ በየፋርማሲው ዙሪያ 400 ሜትር ክብ ሳይ ተባለች።

ክብ መሣል ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ክቡ ወንዝ አያውቅም። የባቡር ሐዲድ አያውቅም። መሻገሪያ የሌለውን ፈጣን መንገድ አያውቅም። ካርታ ላይ 300 ሜትር የሚርቅ ፋርማሲ፣ ድልድዩ ሩቅ ከሆነ፣ በእግር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። ክቡ ግን እዚያ ማዶ የሚኖሩትን ሁሉ «ተሸፍነዋል» ብሎ ይቆጥራቸዋል። ስህተቱ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደርስም። መንገዱ ጥቅጥቅ ባለበት ሰፈር ክቡና እውነተኛው የእግር ርቀት ይቀራረባሉ። መንገድ ባልገባበት፣ ሐዲድና ገደል ዳር በተሠራ ሰፈር ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ሽፋን የጎደለው ሰው ቁጥር ላይ እንደተሸፈነ ሆኖ ይወጣል፤ ቀጣዩም ፋርማሲ ወደሱ አይመጣም። ይህች ተማሪ ስህተት መሆኑን እያወቀች እንድትሠራው ነው የተደረገችው። ጽሑፏ ያልፍላት ይሆናል። ጥያቄያችን ግን ማለፍ አይደለም።

ሌላው ባልደረባችን ምህንድስና ደረሰው። የሚያጠናው ወደ ከተማ መሀል የሚገቡ የጭነት መኪኖችን ነው። አዲሱ ትምህርት ክፍል መኪኖቹን በየሰዓቱ ቁጠር፣ መንገዱ የሚችለውን መጠን አስላ አለው። ጥሩ፣ ይቁጠር። ግን መኪኖቹ ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚመጡ፣ ለምን ግማሽ ባዶ እንደሆኑ፣ ለምን በቀን ደጋግመው እንደሚመላለሱ ለማወቅ ባለሱቆቹን መጠየቅ ነበረበት። ከተማ መሀል ኪራይ ውድ ነው። ባለሱቁ ጓዳውን መጋዘን ከሚያደርገው መሸጫ ቢያደርገው ይሻለዋል። ዕቃ የሚያከማችበት ስለሌለው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ያስመጣል። ስለዚህ መንገዱ ላይ የሚታየው መጨናነቅ አንዱ ሥሩ የሱቅ ኪራይ ውስጥ ነው። መንገዱን ቢያሰፉት የሱቁ ጓዳ አብሮ አይሰፋም። ልጁ ይህን ለማሳየት መጠይቅ አዘጋጅቶ ነበር። «መጠይቅ የኛ ሥራ አይደለም» ተብሎ ምዕራፉ ተሰረዘበት።

በነገራችን ላይ፣ መንገድ መጨመር ሁልጊዜ ጉዞን እንደማያፋጥን ዲትሪሽ ብሬስ የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በ1968 አሳይቷል። እያንዳንዱ ሾፌር ለራሱ የሚበጀውን ሲመርጥ፣ አዲስ መንገድ ተጨምሮ የሁሉም ጉዞ ሊረዝም ይችላል። ምህንድስናም ይህን ያስተምራል፤ ደህና አድርጎ። የኛ ጥያቄ ሾፌሩን እዚያ መንገድ ላይ ማን ላከው የሚለው ነው።

የዶክትሬት ተማሪዎቹ ችግር ደግሞ ለብቻው ነው። «ከሁለቱም ትምህርት ክፍል አንድ አንድ አማካሪ ይኑራችሁ» ተባሉ። በወረቀት ላይ ቆንጆ መፍትሔ ነው። በተግባር አንደኛው አማካሪ ያስገባውን ሁለተኛው ያስወጣል። አንዱ ሞዴሉ ይጥበቅ ይላል፤ ሌላው ሞዴሉ ለአንባቢ ከበደ ይላል። ሁለቱ አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። መካከላቸው የሚመላለሰው ተማሪው ነው። ተማሪው ጽሑፉን በቦርድ ፊት በሚከላከልበት ዲፌንስ ላይም ከቦርዱ አባላት አንድም ጂኦግራፈር አይኖርም።

ሁለተኛው የላቡ ጉዳይ ነው። የሶፍትዌሩ ላይሰንስ ሲያልቅ የሚያድሰው ጠፋ፤ ምክንያቱም ላቡ የሁሉም ሆነ። የሁሉም የሆነ ነገር ባለቤት የለውም። «ነፃ ሶፍትዌር አለ አይደል እንዴ?» ተባልን። አለ። ኪውጂአይኤስን ብዙዎቻችን እንጠቀማለን። ከ2004 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ ያለው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለ ነፃ የዓለም ካርታም ትልቅ ውለታ ውሎልናል። ሶፍትዌር ማውረድ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የመንገድ መረብ ለትንተና እንዲሆን መንገዶቹ መገናኛቸው ላይ በትክክል መያያዝ አለባቸው። የአንድ አቅጣጫ መንገዱ፣ መታጠፍ የተከለከለበት ቦታ፣ የየሰዓቱ ፍጥነት መግባት አለበት። ድልድይና ከሥሩ የሚያልፈው መንገድ መስቀለኛ መንገድ እንዳይመስሉ መለየት አለባቸው። ይህ የወራት ሥራ ነው።

የሚያንገበግበው ይህ ሥራ ተሠርቶ የነበረ መሆኑ ነው። ከኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በየዓመቱ እያረሙ፣ እየጨመሩበት ያቆዩት የመንገድ መረብና የሱቆች ቆጠራ ነበር። ሰርቨሩ ሲዛወር የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ ክፍል ሌላውን ይጠቁማል። አዲስ የገባ ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል። ወጪ ለመቆጠብ የተወሰነ ውሳኔ፣ ተከፍሎበት ያለቀን ሥራ ጣለ።

ሦስተኛው የመስክ ሥራ ነው። «ያለውን መረጃ ተጠቀሙ» ተባልን። በኛ ዘርፍ ብዙ ጊዜ ያለ መረጃ የለም። ከ2005 ገደማ ጀምሮ፣ በፖርትላንድ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅትና በጉግል ትብብር የተፈጠረ ጂቲኤፍኤስ የሚባል የመረጃ ቅርጽ አለ። የአውቶቡስ መስመርን፣ ፌርማታንና ሰዓትን በአንድ ዓይነት መልክ ያስቀምጣል። ይሄ የሚሠራው መስመሩን የሚያውቅ ድርጅት ሲኖር ነው። በግል ሚኒባሶች በሚጓጓዝ ከተማ ግን ሙሉው መስመር የሚገኘው ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ናይሮቢ ላይ የሆነውን እዩ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲንና የአሜሪካውን ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲን ጨምሮ ተቋማት ተባብረው፣ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች ተሳፈሩ። ፌርማታዎቹንና መስመሮቹን መዘገቡ። በ2014 ከ100 በላይ መስመሮችን የያዘ ካርታ ለሕዝብ ወጣ፤ መረጃውም በጂቲኤፍኤስ ቅርጽ ተለቀቀ። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ያን መረጃ «ያለውን ተጠቀሙ» የተባለ ተማሪ አያመጣውም ነበር። አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ ነው ያመጣው።

ሌላም አለ። ስዊድናዊው ቶርስተን ሄገርስትራንድ በ1970 ያስተማረን ሰው በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም እንደሚታሰር ነው። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት፣ ትምህርት ቤቱ የሚከፈትበት ሰዓት፣ የሥራዋ መግቢያና የአውቶቡሱ መምጫ አንድ ላይ ያስሯታል። ሱቁ 500 ሜትር ላይ ቢሆንም እሷ ስትደርስ ከተዘጋ ለእሷ የለም። ይህን የሕዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥ አይነግረንም። የቆጠራ ክልሎች ድንበር ትንሽ ሲቀየር ደግሞ ውጤቱ ራሱ ይቀየራል፤ ይህ በዘርፋችን የታወቀ ራስ ምታት ነው። ሰንጠረዡን ማመን ያለብን መጠን የቱ ድረስ እንደሆነ የምናውቀው መስክ ወጥተን ስናመሳክር ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ትንሽ ነገር፦ የትብብር ደብዳቤ። መረጃ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ደብዳቤ ይጠይቃል። ድሮ ትምህርት ክፍላችን ይጽፍልን ነበር። አሁን ምህንድስና «የገበያ ጥናት ነው» ይላል፤ ማርኬቲንግ «የትራፊክ ጥናት ነው» ይላል። ማኅተም የሚመታልን ጠፍቶ ሴሚስተሩ አለፈ።

አራተኛው የዲግሪው ስም ነው። ምህንድስና የተመደቡት ባልደረቦቻችን የሚሰጣቸው ወረቀት ላይ የምህንድስና ስም ይጻፋል። መንገድ ዲዛይን አድርጉ ቢባሉ አልተማሩም፤ የሙያ ፈቃድም አይሰጣቸውም። ቀጣሪም ሲያያቸው ያላቸውን ችሎታ አያይም፤ የሌላቸውን ይጠይቃቸዋል። ማርኬቲንግ የተመደቡት ደግሞ የከተማ ትራንስፖርት ቢሮ ወይም የሎጂስቲክስ ድርጅት ቢያመለክቱ ዶሴያቸው የመጀመሪያውን ማጣሪያ አያልፍም። የሥራ ገበያው የኛን ሰው አይፈልግም ተብሎ በስብሰባችሁ ላይ እንደተነሳ ሰምተናል። «ጂኦግራፈር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አይወጣም፤ እውነት ነው። ቅርንጫፍ የት እንክፈት፣ ዴፖ የት እናድርግ፣ የማድረሻ መስመራችን ለምን ረዘመ፣ የትኛው ፌርማታ ይዛወር የሚል ጥያቄ ግን በየመሥሪያ ቤቱ አለ። በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ የሱዌዝ ቦይን ለ6 ቀናት ስትዘጋው፣ ዕቃዬ በየት ይምጣ፣ አቅራቢዬስ የት ቢሆን ይሻለኛል ያላለ አስመጪ አልነበረም። ይህ የኛ ትምህርት ነው።

የማታ ተማሪዎች ጉዳይም አለ። ከኛ ብዙዎቹ ሠራተኞች ናቸው። በትራንስፖርት ቢሮ፣ በባንክ፣ በጭነት ድርጅት የሚሠሩ። የተዛወሩት ኮርሶች የቀን ብቻ ሆኑ። ይኸው ነው፤ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሥርዓተ ትምህርታችን እንከን የለሽ ነበር አንልም። አንዳንዱ ኮርስ ከ1960ዎቹ የመረብ መለኪያዎች ብዙም አልራቀም። የሞባይል ስልክ መረጃ ዘመን ላይ ሆነን አሁንም የመስቀለኛ መንገድ ቁጥር በእጅ የምናሰላበት ክፍለ ጊዜ አለ። የኢንተርኔት ንግድ የሱቅን የገበያ ክልል እንዴት እንደለወጠው፣ ደንበኛው ወደ ሱቅ ከሚሄድ ሱቁ ወደ ደንበኛው ሲመጣ የመንገዱ ጫና ወዴት እንደሚዞር፣ በቂ ትምህርት አላገኘንም። ይህን ከማንም በፊት ያነሳነው እኛ ነን። የጠየቅነው እንዲታደስ ነበር። የተሰጠን ክፍፍል ነው።

ወጪውንም አስበንበታል። መሠረታዊ ስታቲስቲክስንና የጉዞ ፍላጎት ሞዴልን ከምህንድስና ጋር አብረን ብንማር ቅር አይለንም። የሸማች ባህሪ ኮርስንም ከማርኬቲንግ ጋር እንጋራ። ድግግሞሹ በዚህ ይቀንሳል። የማይጋራው የቦታ ትንተናው፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ሴሚናርና የመስክ ሥራው ነው። እነዚህ ጥቂት ኮርሶች ናቸው፤ አስተማሪዎቹም አሁንም በግቢው አሉ።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ከሁሉም በፊት፣ ፕሮፖዛላቸው ከውሳኔው በፊት የጸደቀላቸው ተማሪዎች በጸደቀው ርዕስና ዘዴ እንዲጨርሱ በጽሑፍ ይረጋገጥላቸው። የተሰረዙባቸው ምዕራፎች ይመለሱ። በእያንዳንዱ የዲፌንስ ቦርድ ላይ ቢያንስ አንድ የቦታ ትንተና የሚያውቅ ጂኦግራፈር ይቀመጥ። ሁለት አማካሪ ያላቸው የዶክትሬት ተማሪዎች ደግሞ በሴሚስተር አንድ ጊዜ እንኳ ሁለቱም በተገኙበት እንዲሰበሰቡ ይደረግ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ላቡ ኃላፊ ይመደብለት። ነፃ ሶፍትዌር ላይ ይሠራ ካላችሁ እንስማማለን፤ ግን ማሽኖቹን የሚጠግን፣ መረጃውን የሚጠብቅ ሰው ይኑር። የጠፋው የመንገድ መረብና የሱቆች ቆጠራ የት እንዳለ ይጣራ። ከተገኘም ለተማሪዎች ይከፈት።

የመስክ ሥራ ይመለስ። ረጅም ጉዞ አልጠየቅንም። በምንኖርበት ከተማ ተሳፋሪ መቁጠር፣ ሸማች መጠየቅ፣ ጭነት ሲራገፍ መመዝገብ ይበቃናል። የትብብር ደብዳቤ የሚጽፍልን አንድ ቢሮም ይታወቅ፤ የትኛው እንደሚሆን እናንተ ወስኑ።

የዲግሪው ስም ተማሪዎች ሲመዘገቡ በነበረው ይቆይ። ሠራተኛ ለሆኑት ቢያንስ ዋና ኮርሶቹ በማታ ይሰጡ።

የክፍፍሉን ጉዳይ በሚመለከት፣ ውሳኔው ወደ አካዳሚክ ኮሚሽኑ ተመልሶ እኛም አስተማሪዎቻችንም ባለንበት እንደገና እንዲታይ እንጠይቃለን። ኮሚሽኑ ከዚያም በኋላ ይከፈል ካለ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጠን። መልሳችሁን ከሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ በፊት እንጠብቃለን፤ ቅጹ ላይ ምልክት ማድረግ ያለብን ያኔ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣

የትራንስፖርትና ቢዝነስ ጂኦግራፊ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ተወካይ
በማስተርስና በዶክትሬት ተማሪዎች ስም